ጾም የሚያውቅ ሰዓት

ኑሻቴል፣ ስዊስ
ጥቅምት 8 ቀን 1957 ዓ.ም.

ይድረስ ለእህቴ ለወይዘሮ ባንቺዓለም ሀይሌ፣ ንፋስ መውጫ

ክረምቱን አሻግሮ አደይን ያሳየሽ አምላክ ዘመኑን የጥጋብ ያድርግልሽ። እኔ ደህና ነኝ። ጉልበቴ ብቻ ከዚህ አገር ብርድ ጋር ከተጣላ ሠላሳ ዓመት ሆነው፤ አስታራቂም አልተገኘ።

ስለ መንደራችን ስለ ወይራ አፋፍ የጻፍሽልኝን ደጋግሜ አነበብሁት። መሬቱ ያጉረመርማል፤ ጋን ከመደቡ ይንሸራተታል፤ የአውራጃው ጽሕፈት ቤትም «ገደሉ ከሥራችሁ እየተሰነጠቀ ይሆናልና ሰኔ ሳይገባ መንደሩን ልቀቁ» ለማለት ተዘጋጅቷል። ይህን «ይሆናል» የሚባለውን ቃል እጠላዋለሁ። በ«ይሆናል» መንደር አይነቀልም። የእኔ አያትና ያንቺ ቅድመ አያት ወንድማማቾቹ የተቀበሩት እዚያ አፋፍ ላይ ነው። እኔና አንቺ ዘመድ የሆንነውም በዚያች መሬት ነው።

ጥያቄው አንድ ነው። ጉርምርምታው የሚነሣው ከመንደሩ ሥር ነው ወይስ ከገደሉ ማዶ ካለው በረሃ? ከሥር ከሆነ ሕዝቡ ዛሬውኑ ይውጣ። ከማዶ ከሆነ ማንም አይንካው፤ ገብሱን ይዝራ።

ይህን ማወቅ ይቻላል። ከምሠራበት ተቋም ሦስት አሮጌ የመሬት መንቀጥቀጥ መዝጋቢዎች ለምኜ አግኝቻለሁ። አንዱን ከአንቺ ጓዳ፣ ሁለተኛውን ወገዳ ከመምሬ ሀይሉ ቤት፣ ሦስተኛውን እስቴ ከአስተማሪዋ ከወይዘሮ ላቀች ቤት አስቀምጪ። በእያንዳንዱ ላይ ወረቀት የተጠቀለለበት ነገር በሰዓት ኃይል ይሽከረከራል፤ መሬት ሲንቀጠቀጥ ብርዑ አብሮ ይንቀጠቀጣል። ጉርምርምታው ለቅርቡ ቀድሞ ለሩቁ ዘግይቶ ይደርሳል። ሦስቱ የደረሱበትን ጊዜ ካወቅሁ የተነሣበትን ቦታ በካርታ ላይ በጣቴ እነካዋለሁ።

ግን ሦስቱ ሰዓቶች አንድ ካልሆኑ የምነካው የራሴን ጅልነት ነው። ጉርምርምታ በአንድ ሰከንድ የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ይሄዳል። ሦስት ሰከንድ ብቻ ከተሳሳትሽ ከማዶ የተነሣውን አምጥተሽ ከመንደሩ ሥር ትቀብሪዋለሽ። ስለዚህ አብሬ የላክሁትን የኪስ ሰዓት በበቅሎ አዙሪ። በደረሰበት ሁሉ ልክ ስድስት ሰዓት ሲል የመሣሪያው ቁልፍ ይጫን፤ ወረቀቱ ላይ ምልክት ይተዋል። በዚያ ምልክት ሦስቱን አስተካክላለሁ።

ትክክል። ከዚህ በላይ የምጠይቅሽ ነገር የለም፤ ከዚህ በታችም አልቀበልም።

ወንድምሽ ጓዴ ክንዴ

* * *

ንፋስ መውጫ
ኅዳር 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ ወንድሜ ለጋሼ ጓዴ ክንዴ

የተጣላዎትን ጉልበት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ያስታርቁልዎ፤ እሳቸው በአንድ እግር ቆመው የጸለዩ ናቸውና የእግርን ነገር ያውቃሉ።

መሣሪያዎቹ አንዱም ሳይሰበር ገቡ። የእኔው ጓዳ ውስጥ ከገብስ ጎታው አጠገብ ተቀምጧል፤ ከድመቷ በቀር የሚቀርበው የለም። ሰዓቱን ሰው አላመንሁበትም። ሱቄን ዘግቼ፣ በአንገቴ አንጠልጥዬው፣ በበቅሎዬ ተቀምጬ ራሴ ዞርሁ። ወገዳ ስገባ የኅዳር ሚካኤል ዋዜማ ነበርና መምሬ ሀይሉ «ያለ በዓል አትሄጂም» ብለው ያዙኝ። ሰዓቱን ከግድግዳቸው ሰቀሉት። በማግሥቱ ከቅዳሴ ወጥተን ግቢያቸው መካከል ቆሙና ጥላቸውን በእግራቸው ለኩ። ከዚያ ሰዓቱን አዩ። ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ባንቺዓለም፣ ይኸ የፈረንጅ ሰዓት ስቷል» አሉኝ።

«ኧረ አባቴ፣ ከስዊስ ነው የመጣ!»

«ከስዊስ ይምጣ ከሰማይ፣ ጥላ አይዋሽም። አቃንቼዋለሁ። ለጓዴም ሰላም በይልኝ፤ እንዳያፍር በቀስታ ንገሪው።»

በቀስታ ነገርሁዎት።

ሰዓቱ ዞሮ ቤት ሲገባ ከእኔ መሣሪያ ጋር ሩብ ሰዓት ተለያየ። የመምሬን እርማት ብቀንስለትም ገና ግማሽ ደቂቃ ያህል ቀረ፤ ይኸኛው የበቅሎዋ ይመስለኛል። ቁልቁለት ላይ ትዘላለች፤ ዳገት ላይ ቆማ ታስባለች። ቆላ ስንወርድ ደግሞ ሙቀቱ ለእኔም ለሰዓቱም አልተስማማንም።

ለመሣሪያው ብርዕ ቀለም ይላኩልኝ። ለእኔ ደግሞ ባይከብድዎ መነጽር፤ የመርፌ ቀዳዳ አላይ ብሎኛል። ወይራ አፋፎች የእርስዎን ቃል ይጠብቃሉ።

እህትዎ ባንቺዓለም

* * *

ኑሻቴል
ታኅሣሥ 4 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለእህቴ ለባንቺዓለም

መንገድሽን የጠበቀ፣ በቅሎሽንም ያሳሰበ አምላክ ይመስገን። መነጽሩንና ቀለሙን ልኬአለሁ። ቁጣዬን ፖስታ ቤቱ ስላልተቀበለኝ በጽሑፍ ተቀበይ።

አንድ ሰዓት የሚሠራ ሰው እዚህ አገር ጀርባው እስኪጎብጥ አቀርቅሮ ይሠራል። መምሬ ሀይሉ ያንን በጫማቸው ለክተው አቃኑት! ባልደረቦቼ ሲሰሙ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። ቤቴ ገብቼ በሩን ዘግቼ ሳቅሁ።

መምሬን አልወቅስም። ጥላ ለቅዳሴ ይበቃል፤ ለሰከንድ አይበቃም። የምወቅሰው ራሴን ነው። የሚሸከሙት ሰዓት የተሸካሚውን ጠባይ ይይዛል፤ ይህን ማወቅ ነበረብኝ። የማይሸከሙት ምልክት ያስፈልገናል። ብርሃን በቅሎ አይፈልግም፤ በዓልም አይውልም።

ጉና ከሦስታችሁም ይታያል። አንድ ብርቱ ሰው ትልቅ መስተዋት ይዞ ይውጣ። ስድስት ሰዓት ገደማ ፀሐይን ወደ ሦስታችሁ ይመልስ። ብልጭታውን ባያችሁ ቅጽበት ሦስታችሁም ቁልፉን ተጫኑ። ሰዓቱ ስንት እንደሆነ ማወቅ እንኳ አያስፈልግም፤ አንድ ላይ መሆኑ ብቻ ይበቃኛል። ይህን ማበላሸት የሚችል ሰው ካለ ላየው እፈልጋለሁ።

ወንድምሽ ጓዴ

* * *

ንፋስ መውጫ
ታኅሣሥ 24 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተከበሩ ለጋሼ ጓዴ

የነቢያትን ጾም ለማስፈጸም አራት ቀን ቀርቶናል፤ ለልደቱ ብርሃን በሰላም ያድርሰን። መነጽሩ ደረሰኝ። የጎረቤቴ የአበራሽ ፊት ይህን ያህል የተሸበሸበ መሆኑን እስከ ዛሬ አላውቅም ነበር። እሷም በመነጽሩ እኔን አየችኝና ተያይዘን ሳቅን።

ያንን ማበላሸት የሚችል ሰው ላየው እፈልጋለሁ ብለው ነበር። ይምጡና ይዩ፤ ጋይንት ሙሉ ነው።

መጀመሪያ ቀን ጉና ጉሙን ተከናንቦ ዋለ። በሁለተኛው ቀን ብልጭታው እንደ መብረቅ ታየ፤ ሦስታችንም ተጫንን፤ ለእርስዎ ደስታ እልል አልሁ። በሦስተኛው ቀን ግን ወሬው ተዳርሶ ነበር። ከጉና ሲብለጨለጭ ከእስቴ በኩል አንድ ተብለጨለጨ። ከዚያ ከስማዳ። ከዚያ ከየመንደሩ፣ ከየኮረዳው መስተዋት፣ ከየገበሬው የታጠበ ማረሻ። አገሩ ሁሉ እንደ ጥምቀተ ባሕር ያብረቀርቅ ጀመር። የትኛው የጉና የትኛው የጎረቤት እንደሆነ ማን ይለየው? እስቴ ላይ ወይዘሮ ላቀች ብልጭ ባለ ቁጥር ስትጫን ወረቀቱን ወንፊት አደረገችው።

«ለምን ታበራላችሁ?» ብዬ ስጠይቅ አንድ ሽማግሌ ተቆጡኝ። «ከጉና ሰላም ተባልን። ሰላም ተብሎ ዝም ይባላል? የማን ልጅ ነሽ?» አሉኝ። የማን ልጅ እንደሆንሁ ለመናገርም አፈርሁ።

ደግሞ ስልክ ሞከርሁ። የስልክ ቤቱ ሹም አቶ ቀለመ ወርቅ ይባላሉ፤ ከጎጃም በቅርብ የተዛወሩ፣ ዝምተኛ፣ ጨዋ ሰው ናቸው። ሽቦው እስቴ ይደርሳል፤ ወገዳ ግን ገና አልገባም። ለሙከራ ያህል ወይዘሮ ላቀችን ስልኩ ዘንድ አስጠራናት። «እንዴት ዋልሽ? ቤተ ሰቡ? ከብቱ? ትምህርት ቤቱ?» ስንባባል ስድስት ሰዓት አለፈ። ሰላምታውን አቋርጦ «ተጫኝ!» ማለት ለእርስዎ ይቻል ይሆናል፤ ለእኛ አልተቻለም።

አቶ ቀለመ ወርቅ ግን አንድ ነገር አሉ። «ራዲዮ ለሁሉም እኩል ይናገራል፤ ሰላምታም አይጠብቅም። ከአዲስ አበባ ስድስት ሰዓት ሲሞላ ጥ፣ ጥ፣ ጥ ይላል። የመጨረሻዋን ሲሰሙ መጫን ነው።» እኔ ሴት ነኝ፣ አላውቅም፤ እርስዎ ይፍረዱ።

እህትዎ ባንቺዓለም

* * *

ኑሻቴል
ጥር 6 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለባንቺዓለም

ለልደት ያደረሰሽ ለጥምቀትም ያድርስሽ። «እኔ ሴት ነኝ፣ አላውቅም» የሚለውን ዐረፍተ ነገር ከእንግዲህ ለእኔ አትጻፊልኝ። ሦስት ወረዳ በበቅሎ የዞርሽ አንቺ ነሽ።

ሰውየው ትክክል ነው። ከበቅሎ፣ ከመስተዋትና ከስልክ ራዲዮ ይበልጣል። በቅሎ ትዘላለች፣ ጉም ይጋርዳል፣ ሽቦ ያጥራል፤ የራዲዮ ድምፅ ግን ወገዳም እስቴም ንፋስ መውጫም በአንድ ቅጽበት ይገባል። ራሴ ላስበው ሲገባኝ የስልክ ቤት ሹም አሰበው፤ ይህ ሦስት ቀን አናዶኛል። ሦስት ባለ ባትሪ ራዲዮዎች አዲስ አበባ በሚሄድ ወዳጄ እጅ ልኬአለሁ።

ሕጉ አጭር ነው። የመጨረሻዋ ጥ ስትሰማ ቁልፉ ይጫናል። ሳትሰማ አይጫንም። ከተሰማች በኋላ አይቆይም። ማንም ይጫነው፣ ግድ የለኝም፤ ብቻ በሰዓቱ ይጫን።

ጓዴ

* * *

ንፋስ መውጫ
የካቲት 16 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለተወደዱ ወንድሜ ለጋሼ ጓዴ

ራዲዮ ልከው ቤቴን ያሰሙ፣ እርስዎንም መልካም ወሬ ያሰማዎት!

ሦስቱም ደርሰው ከጥር ማለቂያ ጀምሮ በየቀኑ ስንጫን ሰነበትን። የሦስታችንን ወረቀት አጥፌ ልኬልዎታለሁ። አቶ ቀለመ ወርቅ የራዲዮውን ሽቦ ከባሕር ዛፉ ጫፍ አውጥተው አሰሩልኝ፤ ነፋስ ሲያወላልቀው ደግሞ መጥተው ያጠብቁታል። ንፋስ መውጫ ነውና ነፋስ አይጠፋም።

ጉርምርምታው ሦስት አራት ጊዜ ተሰማ። ወይራ አፋፍ ያሉት ዘመዶቻችን ከእርስዎ ዘንድ ቃል ሳይመጣ በሬ አንጠምድም ብለዋል፤ የሚለቁት መሬት ከሆነ ምን ያደርግላቸዋል? የአውራጃው ጸሐፊ እስከ ሚያዝያ ማለቂያ መልስ እንሻለን ብሏል። እግዜር ያሳይዎ።

ለእኔ የሚላክ ነገር ካለ ሽቶ ቢሆን ደስ ይለኛል። ትንሿን ጠርሙስ።

እህትዎ ባንቺዓለም

* * *

ኑሻቴል
መጋቢት 8 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለባንቺዓለም ሀይሌ

ጾሙን በብርታት ያስፈጽምሽ። ሽቶው ከዚህ ጋር አለ። አሁን ተቀመጪና አንብቢ።

ወገዳ፦ እንከን የለውም። መምሬ ሀይሉ ከራዲዮ ጋር ታርቀዋል። እስቴ፦ እንከን የለውም። ወይዘሮ ላቀች ለራሷ ቀብርም የምትዘገይ አይመስለኝም። ንፋስ መውጫ፦ ጉድ ነው!

መሣሪያሽ የራሱ ሰዓት አለው፤ በቀን ትንሽ ይዘገያል፤ ግን ሁልጊዜ ያንኑ ያህል ነው። ስለዚህ የራዲዮው ምልክቶች በአንድ መስመር መሰለፍ አለባቸው። የአንቺ አይሰለፉም። አንዱ ቀን ልክ ነው፣ በማግሥቱ በሦስት ሰከንድ ይዘገያል፣ ከዚያ በስድስት። እሑድ ከዐሥር ያልፋል። በዚህ የተነሣ ጉርምርምታው አንድ ቀን ከገደሉ ማዶ ይነሣል፣ አንድ ቀን ከወይራ አፋፍ ሥር፤ የእሑዱማ ከጣና ውስጥ ወጣ! ጉማሬ ነው እንዴ?

ባልደረባዬ ባትሪው ነው አለኝ። ባትሪ ቢሆን እየደከመ ይሄዳል እንጂ ሰንበት አያከብርም አልሁት። የቀኖቹን ሠንጠረዥ ሠራሁ። ረቡዕና ዓርብ ሁልጊዜ ልክ ናቸው። ሌሎቹ ቀኖች ስህተት ናቸው። ሕጉን አገኘሁት ብዬ ስደሰት በየካቲት ስምንትና ዘጠኝ ሰኞና ማክሰኞም ልክ ሆነው ተገኙ፤ ተመልሼ ከዜሮ ጀመርሁ። ረቡዕና ዓርብ ምን የተለየ ነገር አለ? ገበያችሁ ነው? ወፍጮ የሚፈጭ ጎረቤት አለሽ?

እውነቱን ልንገርሽ። ቀኖቹን ሁሉ ደምሬ ባካፍላቸው ውጤቱ ከመንደሩ ሥር ነው። ምክንያቱን ካላወቅሁ ያየሁትን መጣልም መደበቅም አልችልም፤ እስከ ሚያዝያ ማለቂያ ድረስ ይህንኑ ለአውራጃው እጽፋለሁ። ሕዝቡም ይነሣል። ስለዚህ እለምንሻለሁ፤ መለመን እንደማልወድ ታውቂያለሽ። በስድስት ሰዓት እቤትሽ ውስጥ ምን ይሆናል?

ጓዴ

* * *

ንፋስ መውጫ
ሚያዝያ 1 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለጋሼ ጓዴ

ለሆሳዕና ያድርስዎ። ዘግይቼ በመጻፌ ይቅር ይበሉኝ፤ ብዙ ጀምሬ ብዙ ቀደድሁ።

ወፍጮ የለም። ገበያውም አይደለም። ነፋስ ይሆናል ለማለት ፈልጌ ነበር፤ ነገር ግን «ይሆናል» የሚለውን ቃል እንደሚጠሉት አስታወስሁ።

በደብዳቤ የማይነገር ነገር አለ፤ በተለይ ባሏን ቀብራ ስትኖር የጎረቤት ዓይን ላረፈባት ሴት። በስድስት ሰዓት ቤቴ ክፉ ነገር አይሆንም። ይህን በቅድስት ማርያም ስም እምልልዎታለሁ። ደግሞ የየካቲትና የመጋቢት ወረቀቶቼን፣ የወገዳንና የእስቴንም ጨምሬ፣ ልኬልዎታለሁ። ከሁዳዴ መያዣ ወዲህ ያሉትን አስተውለው ይዩአቸው። ከዚያ በኋላ ይፍረዱ እንጂ ከዚያ በፊት አይጻፉ፤ ስለ አያቶቻችን አጥንት!

ባያስቸግርዎ አንድ የወንድ ጫማ፣ ጥቁር፣ አርባ ሁለት ቁጥር። ለሰው ነው።

ባንቺዓለም

* * *

ኑሻቴል
ሚያዝያ 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለእህቴ፣ ለአደናጋሪዋ ለባንቺዓለም

ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን! ይህን ሰላምታ ከጻፍሁ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ጽፌው ስጨርስ ጠረጴዛውን በጡጫ መታሁት፤ መሣሪያሽ ቢኖር ይመዘግበው ነበር።

ወረቀቶችሽን ዘረጋሁ። ከየካቲት ሃያ ሁለት ጀምሮ ሰኞ ልክ፣ ማክሰኞ ልክ፣ ሐሙስ ልክ! ቅዳሜና እሑድ ብቻ እንደ ድሮው ብክንክን ያሉ ናቸው። ምን ተለወጠ? ምሳዬን ረስቼ አሰብሁ። ምንም አልታየኝም። ተናድጄ ተነሣሁና ጫማሽን ልገዛ ወጣሁ። ሻጩ አርባ ሁለት ቁጥሩን ይዞ መጣ። «ለእርስዎ ነው?» አለኝ። «አይደለም፤ ለሰው ነው» አልሁት። እንዲህ ስል ሰማሁትና ሱቁ መካከል በአማርኛ ጮህሁ። ጫማ አድራጊ ሰው አለ! አርባ ሁለት ቁጥር እግር ያለው፣ በስድስት ሰዓት ቤትሽ የሚገኝ፣ በጾም ቀን ግን የማይገኝ!

ረቡዕና ዓርብ! ሠላሳ ዓመት በዚህ አገር ስኖር እነዚህ ሁለት ቀኖች እንደማንኛውም ቀን ሆነውብኝ ነበር። ወደ ቤት ሮጬ የየካቲትን ስምንትና ዘጠኝ በባሕረ ሐሳብ አሰላሁ፤ ጾመ ነነዌ! እናቴ ብትሰማኝ ኖሮ ነነዌን እስክቆጥር ምሳ ትነሣኝ ነበር። የሚዘገየው ሰዓቱ አይደለም። የሚዘገየው ምሳ የሚበላው ነው። ስለዚህ የአገሬ ሰዓት ጾም ያውቃል፤ የረሳሁት እኔ ነኝ።

የፍስኩን ቀን ሁሉ ጣልሁ። ጾሙን ብቻ ወሰድሁ። በጾም ቀን የተሰሙት ጉርምርምታዎች ስድስት ናቸው፤ ስድስቱም አንድ ቦታ ገጠሙ። ባንቺዓለም፣ ከገደሉ ማዶ ነው! ሰው ከማይኖርበት፣ ዝንጀሮ ብቻ ከሚከራከርበት ቋጥኝ። ወይራ አፋፍ እንደ ታቦት ተደላድሎ ተቀምጧል። ለአውራጃው ዛሬ ጠዋት ቴሌግራም ልኬአለሁ፤ «ይሆናል» የሚል ቃል አልገባበትም። በሬ ይጠመድ!

አሁን ወደ አንቺ። ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ጾም የለም። ይህ ማለት እስከ ሰኔ ድረስ ከንፋስ መውጫ አንድም የሚታመን ቀን የለኝም ማለት ነው። በሥራ ላይ እንዲህ ያለ ነገር አልታገሥም። ወይ ሰውየውን ከምሳ አስወጪው፣ ወይ አግቢው። መካከለኛ መንገድ የለም።

ጫማው ተልኳል። የስልክ ቤቱ ሹም እግር እንዲህ ትልቅ ነው?

ጓዴ

* * *

ንፋስ መውጫ
ግንቦት 18 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለወንድሜ፣ ለአባቴም ምትክ ለሆኑት ለጋሼ ጓዴ

ከመቃብር የተነሣው ጌታ ዕድሜዎን እንደ ጉና ያርዝመው፤ ጉሙን ግን ይቀንስልዎ!

ቴሌግራሙ አውራጃ በገባ ዕለት ወሬው ከእኔ ቀድሞ ወይራ አፋፍ ደረሰ። በበቅሎ ስደርስ ሰዉ እርፍ ይዞ ማሳ ውስጥ ነበር። አንድ ሽማግሌ ከበሬው ጀርባ ሆነው «ጓዴ ገደሉን ተቆጥቶ አስታገሠው አሉ፤ እውነት ነው?» አሉኝ። ጠባይዎ ከእርስዎ በፊት አገር ገብቷል። ገብሱ ተዘርቷል። ምስሩ ይከተላል።

አሁን ይፍረዱብኝ። አቶ ቀለመ ወርቅ መጀመሪያ የመጡት ለባሕር ዛፉ ሽቦ ነው። ሰው ቤትሽ ሠርቶልሽ ያለ ምሳ ይሄዳል? በማግሥቱ ነፋሱ ሽቦውን ነቀለው። ደግሞ መጡ። በጾም ቀን ግን የምሳ ሰዓታቸውን ቅዳሴ ያስቀድሳሉ፤ ስለዚህ ብቻዬን ነበርሁ፤ በሰዓቱ ተጫንሁ።

የሆነው ይኸ ነው። ራዲዮው ጥ፣ ጥ፣ ጥ ይላል። እኔ «ይጫኑ እንጂ» እላለሁ። «ኧረ ባለቤት እያለ!» ይላሉ። «እንግዳ ይቀድማል።» «እኔ ምን እንግዳ ነኝ?» «እንግዲያስ በሞቴ!» «መሞቱን እኔ ልቅደም፤ መጫኑን እርስዎ ይቅደሙ።» በዚህ መካከል ነው ሰከንድዎ ያለቀው። እሑድ ደግሞ ሰው ከቅዳሴ ወጥቶ ቤቴን ይሞላዋል። ቁልፉ ለንስሐ አባቴ ይጋበዛል፤ እሳቸው ለአበራሽ ባል፤ እሱ ለእናቱ፤ እናቱ ተመልሰው ለእኔ። መምሬ ሀይሉስ ካህን ናቸውና ማን ይቀድማቸዋል? ላቀች ዘንድስ ማን ደፍሮ ይገባል? እርስዎ «ማንም ይጫነው» ብለው ጻፉ። ጋሼ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለጋይንት ሰው አይጻፍም!

«ሰከንድ እንዲህ ውድ መሆኑን አልነገርሁሽም?» ብለው ይቆጡ ይሆናል። ነግረውኝ ነበር። እኔ ግን አንድ ቀን ፈጥኜ ብጫን ሰውየው ምሳቸውን በልተው የሚሄዱ መሰለኝ። እነዚያ ሦስት አራት ሰከንዶች በቀኑ ውስጥ የምንነጋገርባቸው ብቻ ነበሩ፤ ከዚያ በፊትና በኋላ ሁለታችንም ዝም ነን።

ደብዳቤዎን ለእሳቸው አነበብሁላቸው። «ወይ አግቢው» የሚለው ላይ ስደርስ አነጠሰኝ፤ ዘለልሁት። «የዘለሉትን ያንብቡልኝ» አሉ። አነበብሁ። ከዚያ «እርስዎ ይቅደሙ» ቢሉኝ በሙቀጫ እመታቸው ነበር። አላሉም። «የኢንጂነሩን ሥራ ማበላሸት ነውር ነው» ብለው ተነሡና ሽማግሌ ላኩ። ጫማው ልክ ሆኗቸዋል።

ሠርጋችን ባለፈው እሑድ ግንቦት ዐሥራ አምስት ቀን ሆነ። ወይራ አፋፎች በሙሉ መጡ። ዳሱ ውስጥ ጭፈራው ሞቆ ሳለ ለስድስት ሰዓት ጥቂት ሲቀረው ሁለታችን ወደ ጓዳ ገባን፤ ሚዜውና አበራሽ ተከትለው ገብተው «እንግዲህ ማን ይጫን?» እያሉ ያሾፉብን ጀመር። ራዲዮው ጥ አለ። ማንም ማንንም አልጋበዘም። የሁለታችንም እጅ ባንድ ላይ አረፈ።

የዚያን ቀን ወረቀት ልኬልዎታለሁ፤ የወገዳንና የእስቴንም ጨምሬ። ምንም አያድሉልን። ለክተው ይንገሩን።

እህትዎ ባንቺዓለም

* * *

ኑሻቴል
ሰኔ 7 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለእህቴ ለወይዘሮ ባንቺዓለምና ለአማቼ ለአቶ ቀለመ ወርቅ

ዛሬ የሐዋርያት ጾም መግቢያ ነው። አውቄ ነው የጻፍሁት፤ ምሳዬንም አልበላሁም።

የሦስቱን ቤት ወረቀቶች በጠረጴዛዬ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋሁ። በመጀመሪያ አንድ ቅሬታ አለኝ። ከስድስት ሰዓት በፊትና በኋላ በንፋስ መውጫው ወረቀት ላይ ብርዑ ከዳር እስከ ዳር ይንገላታል። ባልደረባዬ አይቶ «ይህ ከየትኛው ገደል ነው?» አለኝ። «ከወይራ አፋፍ ነው፤ አሁን በእርግጥ ከመንደሩ ሰዎች እግር ሥር ተነሥቷል» አልሁት። ለምን እንደሳቅሁ አልገባውም።

ምልክታችሁን በማጉያ መነጽር ለካሁት። አላመንሁምና ደግሜ ለካሁት። ባልደረባዬ እንዲለካው ሰጠሁት። ከወገዳው ጋር ልክ ነው፤ ከእስቴው ጋር ልክ ነው። እሑድ፣ ግንቦት ዐሥራ አምስት፣ በፍስክ ቀን፣ በሠርግ ቤት፣ ስድስት ሰዓት።

አልዘገያችሁም።

ጓዴ